ለእናቴ በርሜል የመረጥኩት ቧንቧ

ግለ ሂስ እንደ እኔ የሚያውቅበት ሰው በምዕራብ ጎጃም ውስጥ ይገኛል ብዬ አላምንም። ጉራ ነው ካላችሁ፣ አዎ ጉራ ነው፤ ሌላ የምኮራበት ነገር ስለሌለኝ ይህቺን ተዉልኝ። ያን ጊዜ ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት፣ የግዥ ሠራተኛ ነበርኩ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሲብስም ሦስት ጊዜ፣ ወንበሩ ክብ ተደርጎ ይደረደርና ግምገማ እንቀመጣለን። እያንዳንዱ ሰው ተራው ሲደርስ ተነሥቶ ጥፋቱን ይናገራል። የነገሩ ብልሃት ያለው ጥፋቱን መምረጡ ላይ ነው። በጣም ትንሽ ጥፋት ካመጣህ «ራሱን ሸሸገ» ትባላለህ። ትልቅ ካመጣህ ደግሞ ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍርና ዕድሜ ልክህን ይከተልሃል። የሚያስፈልገው መካከለኛ ጥፋት ነው። የእኔ «ሰዓት አላከብርም» የምትል ነበረች። ሰባት ዓመት ሙሉ ይህችኑ እያነሣሁ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ «ድክመቱን በግልጽ አውጥቷል» ተብዬ ተመሰገንኩ። በማግሥቱም አርፍጄ እገባለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ግን በዚያ ክብ ወንበር ላይ አንድም ቀን ከአፌ ያላወጣሁትን ነው። የቧንቧ ነገር ነው። ሳቃችሁ ከመጣ ሳቁ፤ እኔም መጀመሪያ ላይ ስቄበታለሁ።

እናቴ ቡሬ ነው የምትኖረው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ቤት ውስጥ አረቄ ታወጣለች። አባቴ ሲሞት እኔ ገና ፊደል አልጨረስኩም ነበር። ከዚያ ወዲህ ያበላኝም፣ ያለበሰኝም፣ ዲፕሎማ ያስያዘኝም ያ አረቄ ነው። እኔ ግን መሥሪያ ቤት በሚሞላው ፎርም ላይ «የእናት ሥራ» የሚል መስመር ሲመጣ «የቤት እመቤት» እያልኩ እጽፋለሁ። ብዕሬን አንሥቼ ትንሽ አሰብ አደርግና እንደገና «የቤት እመቤት»። ይህንንም ጥፋት በግምገማ አላነሣሁትም።

አረቄ ማውጣት ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። የዳጉሳና የጌሾ ድፍድፍ ሲበስል እንስራ ውስጥ ይገባና እሳት ላይ ይጣዳል። አፉ በሊጥ ይመረጋል። እንፋሎቱ በመቃ አድርጎ ይሄድና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠው ማሰሮ ጠብ ጠብ ይላል፤ እሱ ነው አረቄው። እስከዚህ ድረስ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። መከራው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እንስራው ውስጥ የሚቀረው አተላ እየተንተከተከ እያለ፣ እሳቱ ሳይበርድ፣ እንስራው ከጉልቻው ወርዶ ተደፍቶ በአዲስ ድፍድፍ መተካት አለበት። ለሁለት ሰው የሚከብድ ነገር ነው። እናቴ ግን ለሠላሳ ዓመት ያህል ብቻዋን በጨርቅ ይዛ ስታወርደው ኖራለች። ከክርኗ በታች እጇ ቆዳው በአተላው ፍንጣቂ የተቃጠለ ጠቃጠቆ ነው። ልጅ ሆኜ የሁሉም ሰው እናት እጅ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

አንድ የፋሲካ ሰሞን ልጠይቃት ሄጄ በልተን ጠጥተን ስንጫወት፣ እንደ ዋዛ አድርጋ፣

«ልጄ፣ ወገቤ እምቢ አለኝ» አለችኝ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ብቅ እያልክ እንስራዋን ብቻ ብታወርድልኝ፣ ሌላውን እኔው እወጣዋለሁ።»

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በሚኒባስ ማንኩሳ ላይ ሰው ሲያወርድ ሲጭን ቢቆይ እንኳ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔ ምንም ሥራ የለኝም፤ አስፋልት ዳር ቆሜ የጋሪ ፈረሶች ሲያልፉ ነው የማየው። «እሺ እማ» ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ናት። እሷን ብዬ ቢሆን ኖሮ ይህን ወግ የምትሰሙበት ምክንያትም አይኖርም ነበር።

እኔ ግን በዚያ ሰሞን ከሥልጠና ነበር የተመለስኩት። የአሠራር ለውጥ የሚባል ሥልጠና ነው። ሥራ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ በቀስት እየሣልን አምስት ቀን ሙሉ ግድግዳውን ወረቀት በወረቀት አድርገነው መጥተናል። ልቤ አብጧል። ጉሮሮዬን ጠረግ አደረግኩና፣

«እማ፣ ይኼ የጉልበት ጉዳይ አይደለም፤ የአሠራር ጉዳይ ነው» አልኳት።

«ምን ማለት ነውሳ?»

ከኪሴ ወረቀት አውጥቼ ሣልኩላት። እንስራው ቀረ፤ በእሱ ፈንታ የብረት በርሜል። ከበርሜሉ ሥር በጎን በኩል ቧንቧ። ቧንቧዋን ከፈት፣ አተላው ሹር ብሎ ባልዲ ውስጥ። ማውረድ የለ፣ መሸከም የለ። ከበርሜሉ ወደ ባልዲው፣ ከባልዲው ወደ ከብቶቹ ገንዳ ቀስት አሰመርኩ። ለከብቶቹም ቀንድ አወጣሁላቸው።

እናቴ ወረቀቱን ዘቅዝቃ ይዛ ለረጅም ጊዜ አየችው። «ላሟ ጥሩ ናት» አለች በመጨረሻ። ቀጥላም፣ «እስከዚያስ ማን ያወርድልኛል?»

«እስከዚያማ ቅርብ ነው!» አልኳት።

በርሜሉ ቶሎ ተገኘ። የምግብ ዘይት የነበረበት ነው፤ እናቴ በአመድና በፈላ ውሃ ሦስት ቀን ሙሉ ፈተገችው። ቡሬ ውስጥ ይበልጣል የሚባል በያጅ አለ፤ በርሜሉን በስቶ ጥርስ ያለው አጭር የብረት ቱቦ በየደበትና «እንግዲህ ቧንቧውን አምጡልኝ፣ አጥብቄ አስርላችኋለሁ» አለኝ። ሌላ የቀረ ነገር የለም፤ አንዲት ቧንቧ ብቻ ቀረች።

ወገኖቼ፣ እኔ የግዥ ሠራተኛ ነኝ። እስክሪብቶ ስገዛ ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቤ፣ አወዳድሬ፣ አስፈርሜ ነው። ደሜ ውስጥ ገብቷል። ለቤቴ ሽንኩርት ስገዛ እንኳ ሦስት ሻጭ ሳልጠይቅ አልገዛም፤ ባለቤቴ በዚህ ጉዳይ ስንት ጊዜ አልቅሳለች። ታዲያ የእናቴን ቧንቧ ዝም ብዬ ላንሣ? አይሆንም። መጀመሪያ የመምረጫ መስፈርት አወጣሁ። ለጥንካሬ ይህን ያህል ነጥብ፣ ለአከፋፈት ምቹነት ይህን ያህል፣ ለማጽዳት ቀላልነት ይህን ያህል። ውበት ራሱ ነጥብ ነበረው። እሳት የሚል ቃል ግን ከላይ እስከ ታች የለበትም። ያ ወረቀት ዛሬም እጄ ላይ አለ፤ አልፎ አልፎ አውጥቼ አየዋለሁ።

መስፈርቱን ማርቀቅ አንድ ወር ወሰደ። ከዚያ ወደ ሱቅ ወጣሁ። የመጀመሪያው ሱቅ ውስጥ ያለው ወጣት የትኛውን ብጠይቀው «አንደኛ ነው» ይላል። እንደ መኪና መሪ ክብ እጀታ ያለውን አነሣለሁ፤ «አንደኛ ነው።» ረጅም እጀታ ያለውን አነሣለሁ፤ «እሱም አንደኛ ነው።» የተሰበረውን አንሥቼ ብጠይቀው «እሱ እንኳን ሁለተኛ ነው» አለኝ። ሁለተኛው ሱቅ ያለው ሰውዬ ደግሞ «ነገ ይገባል» ይለኛል። ነገ ስሄድ ነገ ይገባል። ክረምቱ ገባ፤ ዕቃው ግን አልገባም።

ክብ እጀታ ያለውን ለመግዛት አንድ ጊዜ ጫፍ ደርሼ ነበር። ደግሞ ማታ ጋደም ብዬ ሳስበው፣ ጌሾው ውስጡ ቢወተፍስ? ተውኩት። የብረቱን አሰብኩ፤ ቢዝግስ? ተውኩት። የነሐሱን አሰብኩ፤ እሱ የሚገኘው ገና ባልሄድኩበት አንድ ሱቅ ብቻ ነው አሉኝ፣ ለአንድ ዕቃ ደግሞ ሦስት ፕሮፎርማ ያስፈልጋል። ተውኩት።

እናቴ ስልክ የላትም። ጎረቤቷ አያ ጫኔ ናቸው ስልክ ያላቸው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ በእሳቸው ስልክ ትደውልልኛለች።

«ልጄ፣ ያ ነገርህ ምን ደረሰ?»

«በሂደት ላይ ነው፣ እማ።»

«እሺ የኔ ዓለም። እግዜር ይርዳህ።»

መሥሪያ ቤት ለሚመጣ ባለጉዳይ የምመልሳትን መልስ ለእናቴ መለስኩላት። ባለጉዳይ እንኳ ይቆጣል፤ እሷ መረቀችኝ። እንስራውንም በየሳምንቱ ማውረዷን ቀጠለች።

መስከረም ላይ አያ ጫኔ ራሳቸው ደወሉ። ሰላምታቸውን እንኳ ሳይጨርሱ፣ «ስማ አንተ ልጅ፣ ትናንት እንስራው እጇ ላይ ተንሸራቶ ለጥቂት ነው የተረፈችው። ቧንቧ ነው የምታስመጣው ወይስ መርከብ?» ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት። በዚያው ቀን መሥሪያ ቤቱን ጥዬ ወጣሁና ወደ ሦስተኛው ሱቅ ሄድኩ።

ሦስተኛው ሱቅ የሐጂ ሰይድ ነው። ገበያው ዳር የግንባታ ዕቃ ይሸጣሉ። ሐጂን ፍኖተ ሰላም ውስጥ የማያከብር ሰው አላውቅም። ያጋነኑት ዋጋ፣ ያጎደሉት መለኪያ የለም። አንድ ጠባይ አላቸው፤ ምስማርም ጠይቃቸው፣ ቆርቆሮም ጠይቃቸው፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው «ለምን ይሆን?» ሳይሉ አይሸጡም። የሚሆንህን አይተው ይሰጡሃል፤ የማይሆንህን «ተወው ይቅርብህ» ይሉሃል።

«ሐጂ፣ የበርሜል ቧንቧ ፈልጌ ነበር» አልኳቸው።

መነጽራቸውን ሰቀሉ። «ለምን ይሆን?»

አምስት ጊዜ የሚሰግዱ ሰው ፊት፣ መጠጥ በደጃቸው አልፎ በማያውቅ ሽማግሌ ፊት፣ «ለአረቄ ነው» ልበል? ስለ እናቴ ጤና ሁልጊዜ ይጠይቁኛል። ምን ይሉኛል? ምን ይሏታል? ፎርሙ ላይ «የቤት እመቤት» የሚጽፈው እጄ፣ ያን ጊዜ ምላሴ ሆኖ መጣ።

«ለውሃ ነው፣ ሐጂ። ለእናቴ የውሃ በርሜል።»

ፊታቸው በራ። «አንተ መልካም ልጅ ነህ» አሉኝ። «ውሃ ለእናት! እንግዲያማ ብረት አልሸጥልህም፤ ይዝግና ውሃውን ያበላሽባታል። ነሐሱ አለኝ፤ እሱ ግን ለውሃ ትርፍ ወጪ ነው። ይኼን ውሰድላት።» ነጭ ፕላስቲክ፣ እጀታው ቀይ፣ በጣት ጫፍ ገፋ ሲያደርጉት የሚከፈት። «ለቀዝቃዛ ውሃ ከዚህ የሚሻል የለም። እናትህ ትመርቅሃለች።»

«ቀዝቃዛ» ያሉትን ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም። ግን ቀይዋ እጀታ በጣም ታምር ነበር፣ መስፈርቴም ላይ ሳሰላ አንደኛ ወጣች፣ ደግሞስ አሁን «ሐጂ፣ ዋሽቼዎት ነው፣ የሚፈላ ነገር ነው» ብዬ እንዴት ልመለስ? አመስግኜ ወጣሁ። እስከ በር ድረስ ሸኙኝ።

ይበልጣል ቧንቧዋን ሲያያት ቅንድቡን ሰበሰበ።

«ጋሼ፣ ፕላስቲክ ነውሳ?»

«ባለሙያ ነው የመረጠልኝ» አልኩት ኮስተር ብዬ።

«ይኼ ነገር እሳት ላይ እኮ ነው የሚ…»

«እሳቱ ከሥር፣ ቧንቧው በጎን!»

እሱ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆመው፣ እኔ ዲፕሎማ አለኝ፣ ኮትም ለብሻለሁ። ዝም አለና አሰረልኝ። ዝም ስላለ አልወቅሰውም፤ ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። ከዚያ በርሜሉን በቀዝቃዛ ውሃ ሞልተን ሞከርነው። አንዲት ጠብታ አልወጣችም። ቀይዋን ገፋ፣ ሹር! መለስ፣ ጸጥ! እናቴ በደስታ አጨበጨበች። እንደ ሕፃን ደጋግማ ከፈተች፣ ዘጋች፣ ከፈተች።

እዚህ ላይ ቢቆም ምን ነበረበት! ግን ያን ጊዜ ሳይመረቅ ሥራ የሚጀምር ነገር አልነበረም። ሽንት ቤት ሲሠራ እንኳ ሪባን ይቆረጥለታል። እኔም ለቅዳሜ ምረቃ አዘጋጀሁ። ጎረቤት ሁሉ ተጠራ፤ ሃያ ሰው ይሆናል። ከመሥሪያ ቤት የፋይል ማሰሪያ ቀይ ክር አምጥቼ በርሜሉ ላይ አዞርኩና ከፊት ለፊት አበባ አድርጌ ቋጠርኩት። እናቴ የጥምቀት ቀሚሷን ለብሳ ወጣች። ድፍድፉ ከማለዳ ጀምሮ ተጥዶ ስለነበር አረቄው መውረድ ጀምሯል። አያ ጫኔ የመጀመሪያዋን ቀምሰው ዐይናቸውን ጨፈኑና «የሽ፣ እጅሽ ይባረክ!» አሏት። የሽ የእናቴ ስም ነው። ከዚያ ንግግር አደረግሁ። ስለ አሠራር ለውጥ፣ ስለ እናቶች ድካም፣ ጉልበትን በዘዴ ስለ መተካት። ከሃያው ሰው ግማሹ ገና ከቤተ ክርስቲያን መመለሱ ነበርና፣ መቆሙን እንደለመደ ንግግሬንም ቆሞ ሰማልኝ።

በንግግሬ መካከል ቧንቧዋ ሥር ጠብታ አየሁ። «ላብ ነው» አልኩ ለራሴ። ቀይዋ እጀታም ትንሽ አጎንብሳ ነበር። ዐይኔን አነሣሁና ንግግሬን ቀጠልኩ።

አያ ጫኔ ክሩን ቆረጡ። ተጨበጨበ። ባልዲው ተደቀነ። እኔ ጎንበስ ብዬ ቀይዋን እጀታ ገፋሁ። ትኩስ ሰም እንደሚለቅ ተገንጥላ እጄ ላይ ቀረች። ለአንድ አፍታ ምንም አልሆነም። ከዚያ ነጩ ፕላስቲክ ተጣመመና ከቱቦው ወልቆ ወደቀ፣ የሚንተከተከው አተላ በቀዳዳው ተወንጭፎ ወጣ።

ሰዉ ሁሉ ሸሸ። ከሁሉ ፊት የሸሸሁት እኔ ነኝ። አጥሩን ተደግፌ ነው ዘወር ብዬ ያየሁት።

እናቴ አልሸሸችም። ነጠላዋን ከትከሻዋ ስባ በቀኝ እጇ ላይ ጠቀለለችና ወደ በርሜሉ ሄዳ ቀዳዳውን ደፈነችው። በእጇ። የሚፈላ አተላ በጣቶቿ መካከል እየወጣ፣ በክንዷ ላይ እየወረደ፣ እሷ ጥርሷን ነክሳ ገፍታ ያዘችው። የጮኸው ሌላው ሰው ነው። «ኧረ ተዪው! ኧረ ስለ እመቤቴ!» እያሉ አያ ጫኔ ወገቧን ይዘው እስኪጎትቷት ድረስ አለቀቀችም። ለምን እንደያዘች ያን ጊዜ አልገባኝም። አተላው ፈስሶ እሳቱን አጠፋው፣ ግቢው በእንፋሎት ተሞላ። ቀዩ ክር ጭቃው ላይ ተንሳፍፎ ነበር።

ሚኒባስ አስቁመን ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ወሰድናት። እጇን እርጥብ ጨርቅ ውስጥ አድርጋ ጎኔ ተቀምጣለች። ፊቷ አመድ መስሏል። ማንኩሳን ስናልፍ ነው የተናገረችው።

«ሰዎቹ ምን አሉ?»

«የምን ሰዎች እማ?»

«የተጠሩት። ሳቁብህ?»

እርጥቡን ጨርቅ አስተካከልኩላት።

«ኮትህን ለብሰህ ያን የመሰለ ንግግር አድርገህ…» ትንፋሿን ሰበሰበች። «በሰው ፊት እንዳታፍርብኝ ብዬ እኮ ነው። ለጊዜው ብይዘው የሚቆም መስሎኝ።»

እኔ ሐጂን አፍሬ ዋሸሁ፤ እሷ እኔ እንዳላፍር እጇን እሳት ውስጥ ከተተች። ሚኒባሱ መስኮት ላይ ግንባሬን አስደግፌ አለቀስኩ። ረዳቱ ሒሳብ ሊጠይቀኝ መጥቶ አየኝና ተመለሰ።

ሐኪሞቹ የሚቻለውን አደረጉ። ለሳምንታት ተኛች። ቁስሉ ሲድን ግን ጣቶቿ ወደ መዳፏ ታጥፈው እዚያው ቀሩ። «ክንዷ ይንቀሳቀሳል፤ መጨበጥ ግን አትችልም» አሉኝ። ማማሰያ መያዝ አትችልም። መቀነት መቋጠር አትችልም።

ገና ሆስፒታል እያለች ሐጂ ሰይድ ሊጠይቋት መጡ። ብርቱካን በፌስታል ይዘዋል። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጠው «አላህ ይማርሽ፣ ያሽርሽ» አሉና በኋላ ወደ እኔ ዞረው «ምን አገኛት ልጄ?» አሉኝ። ከአልጋ ላይ ወደቀች ልላቸው አስቤ ነበር። እውነቴን ነው፤ ያን ሁሉ አይቼም ሁለተኛ ልዋሽ ነበር። እናቴ ቀደመችኝ።

«አረቄ ሳወጣ ነው፣ ሐጂ» አለቻቸው፣ ፀሐይ ወጣ እንደማለት አድርጋ። «ልጄ ቧንቧ አስገብቶልኝ ነበር፤ ፕላስቲኩ ቀለጠ።»

ሐጂ እኔን አዩኝ። እኔ የአልጋውን እግር አየሁ። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱና በኩታቸው ጫፍ ጠረጉት።

«ልጄ» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለምን ይሆን እያልኩ የምጠይቀው የሰው ገመና ለማወቅ ነው እንዴ? ዕቃው እንዲሆን ነው። የሚፈላ ነው ብትለኝ ይበቃኝ ነበር። ምን እንደሚፈላ መች እጠይቅህ ነበር?»

«እርስዎ ምን ያድርጉ፣ ሐጂ» አለች እናቴ። «ይብሉ እንጂ ብርቱካን፤ አንተ ላጥላቸው።»

ለሐጂ የራሳቸውን ብርቱካን ላጥኩላቸው። ልጣጩን ከፍሬው ጋር ቦጫጭቄ አበላሸሁት፤ እሳቸው ግን አንድ ሳያስቀሩ በሉት።

ከሆስፒታል በወጣች በሳምንቱ አንድ ሰው ከሐጂ ሱቅ ዕቃ አመጣልኝ። ጋዜጣውን ስፈታው የነሐስ ቧንቧ ነው፣ ከባድ፣ እጀታው ስንዝር የሚያህል። ያን ለአንድ ዕቃ ሦስት ፕሮፎርማ አጣሁለት ብዬ የተውኩት ነው። ይዤው ቡሬ ሄድኩ። ይበልጣል አጥብቆ አሰረው።

እናቴ ግን በርሜሉ እሳት ላይ እንዲጣድ አልፈቀደችም። «እሱን ነገር ሁለተኛ አላይም» አለችና ወደ እንስራዋ ተመለሰች። ድፍድፉን የጎረቤት ሴት ትጠነስስላታለች፣ እሷ ቁጭ ብላ ታዛለች። በርሜሉን አጥበን ደጃፉ ላይ በድንጋይ ከፍ አድርገን አቆምነውና ውሃ ሞላንበት። ለሐጂ የነገርኳቸው ውሸት በዚህ ዓይነት እውነት ሆነ።

በታኅሣሥ ግምገማ ተቀመጥን። ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁ። ይህን ሁሉ ላወራ ቆርጬ ነበር፤ ቃሉን ደርድሬ መጥቻለሁ። የእናቴ ሥራ ከሚለው መስመር ልጀምር ነበር። ሰዎቹን ሳያቸው፣ አንዱ ሲያዛጋ፣ አንዱ ደብተሩ ላይ አበባ ሲሥል፣ ያችኑ የለመድኳትን አነሣሁ።

«ሰዓት አላከብርም» አልኩ።

ሳቁ። ሰብሳቢው ራሱ «ዘንድሮም?» አለኝ።

«ዘንድሮ ብሷል» አልኩና ተቀመጥኩ። ድክመቱን በግልጽ አውጥቷል ተብሎ ተጻፈልኝ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ቡሬ ነኝ። ያለፈው ቅዳሜም ሄድኩ። እናቴ ደጃፍ ላይ ከበርሜሉ አጠገብ ቆማለች። ረጅሟን እጀታ በክርኗ ገፋ አደረገችና ውሃው ሲወርድ በግራ እጇ እየዘገነች ፊቷን ታጠበች። በክርኗ መልሳ ዘጋችው። ለዚያች ቧንቧ ጣት አያስፈልግም።

«እንዴት ነው፣ ጠንክሮብሻል?» አልኳት።

«ኧረ ምንም! ከመረጥካቸው ሁሉ ይህችኛዋ ደህና ናት» አለችኝ። ፊቷን በትከሻዋ ጠረገችና ወደ ጓዳው አመለከተችኝ። «በል ግባ፣ እንስራዋ ደርሳለች።»

ገባሁ። ጨርቁን በሁለት እጄ ጠቅልዬ እንስራውን ከጉልቻው ላይ አወረድኩት። አንድ አቡነ ዘበሰማያት እስኪደገም ድረስ እንኳ አልፈጀም።